ሳይክል አይገባም

ለገሃር አካባቢ አንድ ጉዳይ ነበረኝ። ፊርማና ማኅተም ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከአራት ኪሎ ተነስቼ፣ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ፣ ላብ ጠብ ሳይለኝ ደረስኩ። የሕንፃው ጥበቃ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

«ወንድሜ፣ ሳይክል አይገባም።»

«ታዲያ የት ላቁመው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እዚህ ግን አይገባም።»

እየተነጋገርን ሳለ አንድ ትልቅ መኪና ከኋላዬ ጥሩምባ ነፋ። ጥበቃው ሮጦ ብረቱን አነሳለት። መኪናው ቢያንስ ስምንት ሳይክል የሚያስቆም ቦታ ይዞ ተገተረ። የወረደው አንድ ሰው ነው። እኔ ሳይክሌን ከመንገድ መብራት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ጠፍሬ፣ እዚያው ዳር ያለውን ሊስትሮ «አደራ፣ ዓይንህን ጣል አድርግልኝ» ብዬ ገባሁ። ሰውየው ማኅተሙን ሲፈልግ፣ ሲያጣ፣ መጨረሻ ላይ ከመሳቢያ ሲያገኝ፣ ልቤ ውጭ ነበር።

ጥበቃው ላይ ቂም የለኝም። የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ማውንቴን ነው የምነዳው። እሁድ እሁድ እንጦጦ እወጣበታለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ሥራ እሄድበታለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ሁሌም ስለ እሁዱ ነው። «ገደሉ አያስፈራም?» «ጅብ አጋጥሞህ አያውቅም?» ስለ ሰኞ የጠየቀኝ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰኞ ነው። እዚህ ከተማ የብስክሌት ውድድር ያላደገው በሰኞ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ላስረዳ።

እኛ ጋ ማውንቴን የሚባለው ሳይክል ለተራራ ተብሎ ሲገዛ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። የሚገዛው ለከተማው መንገድ ነው። ጎማው ሰፊ ነው፤ ጉድጓድ ይችላል። ኮብልስቶን ላይ አጥንት አያራግፍም። ክዳኑ የተሰረቀ ቦይ ድንገት ቢመጣብህ የፊቱን ጎማ ቀና አድርገህ ታልፈዋለህ። በልጅነታችን ሰፈር ውስጥ እየተከራየን የነዳናቸው ሳይክሎች ፍሬን እንኳን አልነበራቸውም። ፍሬኑ የጫማችን ሶል ነበር። እናቴ ጫማዬ ለምን ቶሎ ያልቅ እንደነበር እስካሁን አታውቅም።

አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መሐል ከተማ ያለን ሰዎች በሁለቱ መካከል ስንወጣና ስንወርድ እንኖራለን። የኔ ጠዋት ቁልቁለት ነው፤ ማታዬ አቀበት። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት መውጣት በመኪና ለሚሄድ ሰው ምንም አይደለም። በሳይክል ሞክሩት። ፖስታ ቤትን ስታልፉ ገና ደህና ናችሁ። ጥቁር አንበሳ ጋ ማርሽ ትቀይራላችሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ የሚቀየር ማርሽ አይኖርም።

አንድ ማታ እዚያ ላይ ምላሴ ወጥቶ ስወጣ ታክሲ ደረሰብኝ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቢኒያም! በርታ ቢኒያም!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የቀረችኝን ትንፋሽ ሳቁ ጨረሳት።

ቢኒያም ያለው ኤርትራዊውን ቢኒያም ግርማይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ የወጣ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማልያ ይዞ የተመለሰው። ረዳቱ ይህን ማወቁ ደስ አለኝ። «ጽጋቡ!» ቢለኝ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ይሆን ነበር። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ገረመው ደንቦባ አለ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ 4 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ብስክሌት ነድቷል። በኦሎምፒክ መጀመሪያ ስንታይ ብስክሌተኛ ይዘን ነው የታየነው። ይህን ለጓደኞቼ ስነግር ግማሾቹ እየቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ታዲያ ቢኒያም ከአሥመራ፣ ጽጋቡ ከትግራይ የመጡት በአጋጣሚ ነው? አሥመራ ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በሳይክል ቡና ሊጠጣ ይሄዳል። መቀሌም ሳይክል የተማሪውም የሠራተኛውም ነው። ልጅ አባቱ በሳይክል ዳቦ ይዞ ሲገባ እያየ ያድጋል። ሺህ ልጅ እንዲህ ካደገ ከመካከላቸው አንዱ ፈጣን ይሆናል። ያ አንዱ ነው ማልያ የሚለብሰው። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ደግሞ ሥራቸው ይደርሳሉ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሐሳቡ ለኛ እንግዳ መሆን የለበትም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦም ይመለስ እንደነበር ያልሰማ የለም። ደብተሩን በግራ ክንዱ ስር ስለሚይዝ፣ ዓለም ባወቀው ሩጫው ላይ እንኳን ያቺ ግራ እጁ እንደታጠፈች ቀረች። ያኔ ሩጫ ለሱ ትራንስፖርት ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ «በሩጫ የመጣ ተማሪ አይገባም» የሚል ጥበቃ ቢኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

አሁን እሁድን ላውራ፤ ካላወራሁ አብረውኝ የሚነዱት ይቀየሙኛል።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለሳይክል የተሠራ መንገድ አለው። እኛ ግን ከሱ ውጭ ያለውን የእግር መንገድም እንወዳለን። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርገን እንወጣለን። የአገር ልብስ ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ ነው የምናልፈው። እላይ ስትደርስ አየሩ ይሳሳል፤ በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የምትስበው። ይህን ጊዜ ሯጮቹ በአጠገብህ እየተጫወቱ ያልፉሃል። እየተጫወቱ! በእግራቸው!

ቁልቁለት ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ፍሬን ላይ ይንጠለጠላል። ጎማው መዞር ሲያቆም መሪው የፈለገበት ይሄዳል። በተለይ በበጋ፣ መሬቱ በደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲሸፈን፣ ሳሙና ላይ እንደመርገጥ ነው። ፍሬኑን በአንድ ጣት ብቻ፣ ያዝ ለቀቅ። ዳሌ ወደ ኋላ። ዓይን ደግሞ ከጎማው አራት አምስት ሜትር ወደፊት። ድንጋዩን ካየኸው ድንጋዩ ላይ ትወጣለህ፤ በድንጋዩ ጎን ያለውን መንገድ ካየህ እሱን ትይዛለህ። ይሄን ለመማር ሁለት ጊዜ ክንዴን ልጬ፣ አንድ ሄልሜት ሰብሬአለሁ።

ክረምት ሌላ ነው። የእንጦጦ ቀይ ጭቃ በጎማውና በፍሬሙ መካከል እየገባ ይጠቀጠቃል። ትንሽ ቆይቶ ጎማው አልዞርም ይላል። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት እንዲህ ሆኖብኝ ሳይክሉን ትከሻዬ ላይ ጭኜ ዳገቱን ተያያዝኩት። ከላይ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። ሸክሙ ከሳቸው ይረዝማል፤ ወገባቸው ለሁለት ታጥፏል። ፊት ለፊት ተገናኘን። ቆም ብለው እኔንም ሳይክሉንም አዩን።

«ልጄ፣ እሱ አይደለም እንዴ አንተን መሸከም ያለበት?»

«ጭቃ ይዞት ነው፣ እማማ።»

ሳቁ። «እኔስ አውርጄ እሸጠዋለሁ። አንተ ምን ልታደርገው ነው የተሸከምከው?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። ጠባብ መንገድ ላይ ሸክም የያዘ ሰው ካየሁ ወርጄ እቆማለሁ። በስልካቸው ሰዓት የሚይዙ ጓደኞቼ ይናደዳሉ። «ሰዓታችንን ገደልከው» ይላሉ። ይገደል። እኚያ እናት በዚያ መንገድ ሲወርዱ እኔ ገና ፍሬን በሌለው ሳይክል ጫማ እጨርስ ነበር።

ውድድር እጠላለሁ ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ጊዜ እኛው በኛው አራት ዙር ተወዳደርን። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የሆንኩትም የመጨረሻው ልጅ ካቴናው ተበጥሶበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

የተራራ ብስክሌት ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ነው። ጨካኝ ሕግ አለው። ከፊት የሚመራው ሰው አንድ ዙር ከሚጨርስበት ሰዓት 80 በመቶውን ያህል ከዘገየህ፣ እሱ በሙሉ ዙር ሳይቀድምህ ከመንገዱ ያስወጡሃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ አንድ ሩዋንዳዊ፣ አድሪያን ንዮንሹቲ፣ በዚህ ውድድር ተሰልፏል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ ኪጋሊ ነው የሄደው። ኪጋሊም እንደኛ ዳገት ናት። ስለዚህ ዳገት ምክንያት አይሆነንም።

እንደውም ለተራራ ውድድር እንደ አዲስ አበባ የተመቸ ዋና ከተማ ጥቂት ነው። አራት ኪሎ ቁርሱን የበላ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ 3,000 ሜትር ላይ ይገኛል። አስፋልት መዝጋት የለም፤ ሚኒባስ ማስቆም የለም። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ተራው ሰው ከታዋቂ ሯጭ ጋር በአንድ መነሻ ላይ ቆመ፤ ዛሬ ቲሸርቱ የሌለበት ቤት ፈልጉ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። በእንጦጦ በዓመት አንድ ቀን ሊስትሮውም፣ ተማሪውም፣ የባንክ ሠራተኛዋም ባላቸው ሳይክል የሚወጡበት ውድድር ቢኖር ምን ይላችኋል? እንጨት ለሚያወርዱት እናቶች መንገድ መልቀቅን ሕጉ ውስጥ አስገቡልኝ ብቻ።

ግን የዚያ ቀን ተወዳዳሪ ከየት ይመጣል? እንደገና ሰኞ።

በኮሪደር ልማቱ መሐል ከተማ ላይ የሳይክል መንገድ ተሠርቷል። እጠቀምበታለሁ፤ ደስም ይለኛል። አዎ፣ ላዩ ላይ ሰው ይሄዳል። ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች ይቆሙበታል። አንድ ጊዜ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ አባት ፊት ለፊት መጥቶብኝ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሰው ላይ አልፈርድም። ሳይክል ካላየበት ባዶ መንገድ ነው የሚመስለው። እኔ የምለው ሌላ ነው። መንገድ መድረሻ ይፈልጋል። በቀለም የተሰመረ መንገድ ላይ ነድተህ፣ የምትሄድበት ሕንፃ በር ላይ «አይገባም» ከተባልክ፣ ያ መንገድ የሽርሽር መንገድ ነው። ሽርሽር አልጠላም። ግን በሽርሽር ሥራ አይገባም።

የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ያሳፍራል፣ በጣም ትንሽ ነው። በየሕንፃው አንድ የመኪና ቦታ። ሳይክል የሚታሰርበት የታጠፈ የውኃ ቧንቧ ብረት መሬት ውስጥ ተቀብሮ። ሰፈር ያለ ማንኛውም የብረት በር ሠሪ በግማሽ ቀን ይበይደዋል። ሻወር አልጠየቅኩም። ላብ የምጠርግበት ፎጣ ቦርሳዬ ውስጥ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ያ ሕንፃ ጋ ተመልሼ መሄድ ነበረብኝ። ማኅተሙ ያረፈው የተሳሳተ ገጽ ላይ ነበር። ጥበቃው አወቀኝ። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት እኔው ወደ ምሰሶዬ አመራሁ። ሊስትሮውም እንደ ደንበኛ ሰላም አለኝ። ሰንሰለቱን ሳስር ጥበቃው ቀስ ብሎ መጣ። ጎማውን በጣቱ ተጫን አደረገ። ኮርቻውን ነካ ነካ አደረገ።

«ይሄ ሁለተኛ እጅ ስንት ይገኛል?»

መርካቶ ብትጠይቅ ይሻላል አልኩት፤ ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ቤቱ ሩቅ መሆኑን ነገረኝ። ጠዋት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ። ከወር ደመወዙ ምን ያህሉ ለታክሲ እንደሚሄድ በጣቱ ቆጠረልኝ። ለአንድ ዓመት የሚከፍለው ደህና ሳይክል ይገዛል። ራሱም ይህን ሲያሰላ እንደከረመ ያስታውቃል።

«ታዲያ ለምን አትገዛም?» አልኩት።

ወደ በሩ ዞሮ አየ። ብረቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«የት አቆመዋለሁ? እዚህ እኮ አይገባም።»