ታርጋውን ፈትተው ወሰዱት

ሞተር ልገዛ ፔንሲልቬንያ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የገዛሁት ግን አንድ ሞተር ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ስሜን መጻፍ አቃተኝ።

የምኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ጎጃም ውስጥ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነበርኩና የመንግሥት ሞተር፣ ኮድ 4፣ እነዳ ነበር። ጭቃውን እንጂ ወረቀቱን አላውቅም፤ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ጣጣ ነው። እዚህ መጥቼ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሞተር አማረኝ። ኮርስ ወስጄ መንጃ ፈቃዴ ላይ የሞተሩን ምድብ አስጨመርኩና ርካሽ ፍለጋ ጀመርኩ። ርካሹ ያለው ብርዱ ሲገባ ነው፤ የበረዶውን ወራት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ከማቆም ሸጦ መገላገልን የሚመርጥ ይበዛል።

መጀመሪያ የደወልኩለት ሻጭ ገና ሞተሩን ሳላይ «ወረቀቱ ላይ 500 ዶላር ብዬ ልጻፍልህ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ውቅያኖስ ተሻግሬ የመገናኛ ደላላ ጋ የደረስኩ መሰለኝ። አገር ቤት ውል ላይ ዋጋ ዝቅ ማድረግ የታወቀ ነው፤ ገቢዎችም ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ግምት ይዞ ይጠብቅሃል። ቨርጂንያ የምትወስደው ግብር የሽያጩን 4.15 በመቶ ነው፣ ግን ከ75 ዶላር አታንስም። ተሽከርካሪው ከ5 ዓመት ካልዘለለና ዋጋው ከገበያው በጣም ካነሰ እሷም የራሷን ግምት ታወጣለች። ለሞተር ለያዝኩት 2,000 ዶላር ሒሳቡ 83 ዶላር ነው። 500 ብዬ ብዋሽ 75 እከፍላለሁ። ለ8 ዶላር የሚዋሽ ሰው መኖሩ ነው የገረመኝ። ያንን ሰውዬ ተውኩት፤ ስለ ወረቀቱ የዋሸ ስለ ሞተሩም አይምረኝም ብዬ።

ሁለተኛው ሻጭ ዮርክ አጠገብ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ዮርክ ሃርሊ ዴቪድሰን ከ1973 ጀምሮ ሞተር የሚገጣጥምባት ከተማ ናት፤ የሳቸው ግን ሆንዳ ነው፣ የ2009 ሬብል 250፣ ሁለቱም ዓመታት በፈረንጆቹ። ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደረስኩ። እንደ ሙሽራ አጥበው ጠበቁኝ። «አንተ» እያሉኝ፣ እኔም በስማቸው እየጠራኋቸው (ፀጉራቸው ነጭ ጥጥ ነው፣ አፌ ግን እንግሊዝኛ ላይ አንቱታን ከየት ያምጣ) ዘይቱን አየን፣ ሰንሰለቱን አየን፣ ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ባለ 17 ፊደልና አሃዝ መለያ ከሊብሬው ጋር አመሳከርን። ሊብሬ የምለው እዚህ ታይትል የሚባለውን ነው። ተስማማን። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ፔንሲልቬንያ የሻጭ ፊርማ እንዲረጋገጥ ስለምታዝ ወደ ውልና ማስረጃ መሄድ ነበረብን። ውልና ማስረጃ ስል ግን ወረፋ፣ የተራ ቁጥር፣ በር ላይ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ልጅ እንዳይታያችሁ። አንዲት ሴትዮ ናት። በአንድ ጠረጴዛ ኢንሹራንስ ትሸጣለች፣ ታርጋ ታስጨርሳለች፣ ማኅተም ትመታለች። የጋብቻ ማስረጃ የጠየቀኝ የለም። አገር ቤት ሚስት ሳትፈርም ጎማ የማይሽከረከርበትን ቀን አስታውሼ «ባለቤትዎ መምጣት የለባቸውም?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። «ብትመጣ ሞተሩን አታስሸጠኝም» አሉ። የኔዋ ደግሞ ብትመጣ አታስገዛኝም፤ ስለዚህ በሕጉ ሁለታችንም ተደሰትን።

ጥፋቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ሊብሬው ጀርባ ላይ የገዢ ስም ይሞላል፣ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እዚህ የቤተሰብ ስሜ የሆነው አያቴ ነው፤ ፓውንድም ዶላርም ሳያይ ያረፈ የዳሞት ገበሬ። እጄ ግን ለአያቴ ቅድሚያ መስጠት እስከ ዛሬ አልለመደም፣ የራሴን ስም ጻፈ። ደነገጥኩና ሰርዤ ከላይ ደገምኩበት። ሴትዮዋ ቀና ስትል መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጫነች። «በቃ፣ ይህ አይሠራም» አለች።

ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም! ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ በስንት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤዋለሁ። በእንግሊዝኛ ሲነገረኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። መድኃኒቱ ባለቤቱ ምትክ ሊብሬ እንዲያወጡ ነው፤ እሱም በፖስታ ይመጣል፣ ሳምንታት ይፈጃል። ሻጩም ገዢውም፣ ሞተሩም ገንዘቡም አለ፤ ሁላችንም ፊት ለፊት ቆመናል፣ ግን ሽያጭ የለም።

አገር ቤት ቢሆን ምን እንደሚደረግ አውቀዋለሁ። «ችግር የለም፣ ሞተሩን ይዘህ ሂድ፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዞራለን» ይባልና ውክልና ይሰጣል። ሽማግሌው ያደረጉት ሌላ ነው። የገንዘቡን ፖስታ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ቀብድ እንኳ ሳያስቀሩ፣ መለሱልኝ። «ሞተሩ ጋራዤ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ሲመጣ እደውላለሁ።» የሰውየውን ደግነት አልጠራጠርም። ግን ውስጤ ትንሽ ቅር አለው፤ እኔኮ ሳልፈራረም ገንዘቤን እሳቸው ጋ ትቼ ለመሄድ ዝግጁ ነበርኩ። አለመተማመን መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስል መጣሁ።

ቅሬታዬን ያስጣለኝ ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ነው። እሱ ሞተሩን የገዛው አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል ነው። ያኔ የሚያውቃቸው ሰዎች የአአ ታርጋቸውን እንደያዙ በጥድፊያ ሸጡ፤ እሱም በውክልና ገዛ። ስም ለማዞር ፋይሉ ከአዲስ አበባ ወደ አማራ ክልል መዛወር አለበት፤ ከእግድ ነፃ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ግብሩ ተከፍሎ፣ በታሸገ ፖስታ። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲል ውክልና የሰጠው ሰው ሞተ። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። አሁን ሞተሩ በስም የሟች፣ በእጅ የጓደኛዬ፣ በሕግ የወራሾች ነው። ከወራሾቹ አንዱ ዱባይ ነው። «ገንዘቡን ቢመልስልህ ዕድልህ ነው፣» አለኝ፣ «እኔን ሞተር አስይዞ ነው ያስቀረኝ።»

ኅዳር ላይ ተደወለልኝ። በዚህኛው ዙር ስሜን እርሳስ ይዤ ሌላ ወረቀት ላይ ተለማምጄ ነው የጻፍኩት። ማኅተሙ ተመታ፣ ፖስታው ለሁለተኛ ጊዜ ተሰጠ። ከዚያ ሽማግሌው ጠመንጃ መፍቻ አምጥተው ተንበረከኩና ታርጋውን ፈቱት። እዚህ ታርጋ የሰው ነው፣ የተሽከርካሪ አይደለም፤ ሻጩ ይዞት ይቀራል። አውቄው ነበር። ግን ሁለቱ ብሎኖች ሲወልቁ ማየት የሆነ ነገር አለው። እኛ ጋ ታርጋ ከመኪናው ጋር ይሸጣል፤ «የ3 ቁጥሯ»፣ «ያቺ የኦሮሚያ ታርጋዋ» እያልን በታርጋዋ እንጠራታለን እንጂ ባለቤቷን መች እናስታውሳለን።

መንገድ ላይ የያዝኩት ከቨርጂንያ ያወጣሁትን የ3 ቀን የጉዞ ፈቃድ ነው። ኢንሹራንሱን ሽማግሌው ግቢ ቆሜ በስልክ ጨረስኩ። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ሦስተኛ ወገንን በአዋጅ ግዴታ ያደረገችው በ2000 ዓ.ም. ነው። ቨርጂንያ ግን በፈረንጆቹ እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ 500 ዶላር የከፈለ ሰው ያለ ኢንሹራንስ እንዲነዳ ትፈቅድ ነበር። «ያደጉት አገሮች» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን እመዛለሁ።

በጌቲስበርግ አድርጌ አውራ ጎዳና ቁጥር 15ን ይዤ ወረድኩ። ብርዱ ጉልበት ይቆርጣል። ሜሪላንድ ልገባ ስል ሁለት ሞተረኞች ዳር ይዘው ቆመው ሄልሜት ያጠልቃሉ። ፔንሲልቬንያ ዕድሜው 21 የሞላና ልምድ ወይም ኮርስ ያለው ሰው ባዶ ራሱን እንዲነዳ ትፈቅዳለች፤ ሜሪላንድ አትፈቅድም። ድንበሩ አንድ ሰሌዳ ነው፣ ኬላ የለም፣ ገመድ የለም፣ ግን የሰው ጭንቅላት ዋጋ እዚያች ሰሌዳ ላይ ይለወጣል። አሜሪካ አንድ አገር ናት ሲባል የምጠራጠረው እዚህ ላይ ነው።

ሰኞ 83 ዶላሬን ከነ ሌላው ክፍያ ከፈልኩ፣ የቨርጂንያ ሊብሬና ታርጋ በስሜ ወጣ። አያቴ ቀድሞ፣ እኔ ተከትዬ። ዓመታዊ ምርመራውን አለፈና ቦሎ የምንለው ዓይነት ተለጠፈበት። ከከተማው ደግሞ በየዓመቱ የንብረት ግብር እንደሚመጣብኝ ሚስቴ አስቀድማ አረጋግጣለች፤ ፔንሲልቬንያ ይህ የለም። «እዚያው ጋራዥ ቢቀርስ?» ብላኛለች።

በሳምንቱ ሁለት መልእክት ደረሰኝ። ሽማግሌው «በዚህ ብርድ ይነሳልሃል ወይ?» ብለው ጽፈዋል። ከባሕር ዳር የመጣው አጭር ነው፦ «ስሙ ዞረ?»