ገንዘብ ከገባ በኋላ የሚመጣ ሕግ

ኦማሃ ሃይ-ሎ የሚባለውን የፖከር ካርታ ጨዋታ የምታስተምሩ ሰዎች፣ ኧረ በፈጣሪ! “ቀላል ነው፤ ከተያዘው ገንዘብ ትልቁ እጅ (የ5 ካርታ ስብስብ ማለት ነው) ግማሹን፣ ትንሹ እጅ ግማሹን ይወስዳል” ትላላችሁ። ከዚያስ? ገንዘቡ መሃል ከገባ በኋላ ሕጉ ይዘንባል። ከእጅህ 4 ካርታ የግድ 2፣ ጠረጴዛው ላይ ካሉት የጋራ ካርታዎች የግድ 3። ይሄን ቀድሞ መናገር ምን ይከብዳል? ትንሹ እጅ 5ቱም ካርታ ከ8 የማይበልጥና የማይደጋገም መሆን አለበት። እንዲህ ያለ እጅ ከሌለ ትልቁ ሁሉንም ይጠርጋል። ታዲያ ግማሽ የተባለው የት ገባ?

ዛሬ ደግሞ ባሰ። አስና 2 ይዤ በትንሹ ማንም አልበለጠኝም። ሌላኛው ተጫዋችም አስና 2 ነበረው፤ ትልቁንም እሱ ወሰደ። የትንሹን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ተካፈልነው፤ ለእኔ ሩብ! ሁለት ብቻ ሆነን እኩል አስይዘን ነበር እኮ። ያስያዝኩት ግማሹ ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ማን ነገረኝ? ማንም! ጀማሪ ካስቀመጣችሁ ካርታው ሳይታደል ሁሉንም ንገሩት።