የቱሪዝም ዶክትሬት ለማን ይጠቅማል?

ጥያቄው ቀላል ነው። በአስጎብኚነት የሚሠራ፣ ማስተርሱን የጨረሰ ወጣት አለ። በቱሪዝም ማኔጅመንት ዶክትሬቱን ይቀጥል ወይስ ሥራው ላይ ይቆይ? አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት «ይቅርበት» ይላሉ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ደግሞ «ይማር» ትላለች።

ባለድርጅቱ፦ እኔ ትምህርት ጠልቼ አይደለም። ግን ፒኤችዲ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ሲጎተት ከዚያም ያልፋል። ልጁ በዚያ ጊዜ ጀርመንኛ ወይም ቻይንኛ ቢማር፣ የራሱን ደንበኛ ቢያፈራ አይሻለውም? «የ13 ወራት ፀጋ» ብለው አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት ሀብተሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ዶክተር አልነበሩም። ደግሞስ ምርምር ተብሎ የሚመጣው ምንድን ነው? መጠይቅ! ላሊበላ ያለ አስጎብኚ መጠይቅ መሙላት ታክቶታል። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም…» ከአንድ እስከ አምስት አክብብ ይሉታል። ተማሪው ወረቀቱን ሰብስቦ ይሄዳል፣ በዚያው ድምፁ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ገባ፣ በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። አስጎብኚው ባዶ እጁን ሲቀር ያ ሁሉ ጥናት ምን አደረገለት?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ በመጠይቁ አልከራከርዎትም፤ እኔንም ያናድደኛል። ጦርነት ደግሞ ዶክተርም ነጋዴም አያስቆመውም። ግን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እናንሳ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ዝም ብሎ አልወጣም። ልቅ ግጦሹ መቀነስ ነበረበት። ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ተነስተው ደባርቅ ሰፈሩ። ለዋልያው እሰየው። ለሰዎቹስ? ገብስ ዘርቶ፣ ለቱሪስት በቅሎ አከራይቶ ይኖር የነበረ ሰው ከተማ ገብቶ ምን በላ? ካሳው ሲያልቅስ? ልጆቹ ወደ ቱሪዝሙ ተመለሱ ወይስ ራቁ? ይህን አንድ ሳምንት ደባርቅ ሰንብቶ በመጣ ሰው አናውቀውም። ዓመታት የሚመላለስ፣ የሰማውን ከመዝገብ ጋር የሚያመሳክር ሰው ይፈልጋል። ለእኔ ዶክትሬት ማለት ይሄ ነው።

ባለድርጅቱ፦ እንዲህ የሚጠይቅ ከተገኘማ ስንቁን እኔ ልሸፍንለት! ስንቱ ነው ግን? ብዙው ለደረጃ ዕድገት ነው የሚማረው። ረዳት ፕሮፌሰር ይባላል፣ ደመወዙ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ደባርቅ ያለው ሰውዬ ስለራሱ የተጻፈውን አያነበውም።

መምህርቷ፦ ለዕድገት ብሎ የሚማር ሞልቷል፤ ልክ ነዎት። ግን እርስዎ የሚቀጥሯቸውን ልጆች የሚያስተምረውም እሱ ነው። ያልመረመረ መምህር የኬንያን ወይም የታይላንድን ምሳሌ ከመጽሐፍ ገልብጦ ያስተምራል። ልጆቹም ላሊበላ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል። ላሊበላን ሆቴልና ባሕር ዳርቻ እያሉ ማስተማር አይቻልም። ለገና ስንት ምዕመን እንደሚጎርፍ ያውቃሉ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፣ መተላለፊያቸው ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይግባ? ምዕመኑንና ጎብኚውን እኩል ሰዓት ላይ ማስገባት ይቻላል? ከዝናብ እንዲጠብቅ የተሠራው መጠለያ እንኳ ራሱ ወድቆ ይጎዳቸዋል ተብሎ ስንት ዓመት አነጋገረን።

ባለድርጅቱ፦ እህቴ፣ እሱን ካህናቱን መጠየቅ ነው። ሕዝቡን ሲያስተናግዱ የኖሩት እነሱ ናቸው።

መምህርቷ፦ ጠይቆ፣ መዝኖ፣ ጽፎ ያስቀምጥ ነው የምለው እኮ! አሁን ያለው እውቀት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲያርፍ አብሮት ያልፋል።

ባለድርጅቱ፦ እሺ፣ እንግዲያው በቅድመ ሁኔታ እስማማለሁ። መጀመሪያ መስክ ላይ ይሥራ። እንግዳ ሲያማርር፣ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀር፣ ሆቴል ክፍል ሲከለክል ይይ። ከዚያ የሚያቃጥለው ጥያቄ ካለ ይግባ። ውጤቱንም በሁለት ገጽ አማርኛ አድርጎ ያምጣልን።

መምህርቷ፦ ሁለት ገጹ ከእኔ ተማሪዎች ይጠበቃል፤ ተቀብያለሁ። እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። እንግዳው ለጉዞው ከሚከፍለው ዶላር ውስጥ ስንቱ ውጭ ባለው ወኪል እጅ ይቀራል? ስንቱ አዲስ አበባ? ላሊበላ የሚደርሰውስ ስንት ነው? ይህን የሚያጠና ተማሪ ብልክልዎ የሒሳብ መዝገብዎን ይከፍቱለታል?

ባለድርጅቱ፦ መዝገቡን? እሱን እንኳ… ከአካውንታንቴ ጋር ልነጋገር።

መምህርቷ፦ አዩ ጋሼ! ተማሪው ታዲያ መጠይቅ ይዞ ባይመጣ ምን ይዞ ይምጣ?