ለባለ ዘንዶው የቀረበ ምስጋና

የአየር ጠባይን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በጠፋበት በዚህ ዘመን፣ በሚሺጋን ጥር፣ ደጁ ላይ በረዶ ተቆልሎ ሳለ ሳሎኑ ውስጥ የበርማ ዘንዶ የሚያሳድገውን አሜሪካዊ ሳናመሰግን ብናልፍ ነውር ይሆንብናል። ይህ ሰው የመስተዋት ሣጥኑን ከሶፋው አጠገብ ዘርግቶ፣ ከላዩ የማሞቂያ መብራት ሰቅሎ፣ ሞቃቱ ጥግ 32 ዲግሪ ቀዝቃዛው ጥግ ደግሞ 27 ዲግሪ እንዲሆን ሌሊት እየተነሣ መለኪያውን ያያል። በረዶ ሆኖ የተገዛውን አይጥ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ያቀልጥና በረጅም መቆንጠጫ ያጎርሰዋል። እናቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረሳት መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ታዲያ ይህ ደግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ተበደለ። የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የበርማውን ዘንዶ ከሌሎች ሦስት ዝርያዎች ጋር ጎጂ ብሎ መዝግቦ ከውጭ ማስገባቱንና ከግዛት ግዛት ማጓጓዙን ከለከለ። (ከአራቱ ሁለቱ የአፍሪካ ዘንዶዎች ሲሆኑ፣ የሰሜኑ ዝርያ በኢትዮጵያም ስለሚኖር አገራችን በዝርዝሩ ላይ ተወክላለች።) ባለ ዘንዶውም ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሳይንስ ሲል ተቆጣ። ዘንዶ የቆላ ፍጥረት ነው፤ ፍሎሪዳ ላይ ቢያመልጥ ይዋለዳል፣ ሚሺጋን ላይ ቢያመልጥ ግን ገናን አያይም፤ ስለዚህ ለቆላ የታሰበውን ሕግ በደጋው ላይ መጫን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው አለ።

ክርክሩ ባዶ አለመሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት ተመራማሪዎች የአገሪቱ ሲሶ ያህል ለዘንዶው ይስማማል የሚል ካርታ ሲያወጡ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት የለም፣ ከደቡብ ፍሎሪዳና ከቴክሳስ ጫፍ አያልፍም ብለው ነበር። በደቡብ ካሮላይና አጥር ውስጥ ለሙከራ የተቀመጡት 10 ዘንዶዎችም እስከ ጥር 2010 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በብርድ አንድ ሳይቀሩ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዋሺንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ49ኙ አህጉራዊ ግዛቶች መካከል ማጓጓዝ በዚያ ሕግ አይከለከልም ብሎ ለአሳዳጊዎቹ ፈረደላቸው። ፍርዱ የተሰጠው በሕጉ ሐረግ አነባበብ እንጂ በቴርሞሜትር አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ድል ድል ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የባለ ዘንዶው ትሕትና ነው። በሩን ዘግቶ፣ ሶኬት ሰክቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያላት በርማን በበረዶ መካከል የፈጠረ ሰው፣ ሕግ ፊት ሲቆም «የእኛ አገር እኮ ብርድ ነው» ይላል። የአየር ጠባይን ከሳሎኑ ያባረረው እርሱ፣ የአየር ጠባይን ጠበቃ አድርጎ የሚያቆመውም እርሱ።

ርኅራኄውም ከትሕትናው አያንስም። ሲገዛው ከክንድ እምብዛም የማይበልጠው ጫጩት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሦስት ሜትር ያልፋል፣ አይጡን ንቆ ጥንቸል ይፈልጋል፣ ሣጥኑንም ክዳኑን እየገፋ ይፈትሻል። ሚስት ወይ እኔ ወይ እርሱ ትላለች። እንግዲህ ብርዱ ዘንዶን በእርግጥ እንደሚገድል ሲያስረዳ የኖረ ሰው በረዶ ላይ እንዴት ይጥለዋል? ወደሚስማማው አገር ይወስደዋል እንጂ። ለዚህም ሲባል ይመስል፣ 75 ቁጥር አውራ ጎዳና ከሚሺጋን ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥቶ ከ2,800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወርዶ የፍሎሪዳን ረግረግ መሀል ለመሀል ያቋርጣል። ሕጉ በየአየር ጠባዩ ይለያይ የሚለውን ሐሳብ እኔም ዘንዶው ባለ መኪና ጌታ ባይኖረው ኖሮ በደስታ እቀበለው ነበር።

ከቤት ያመለጡና የተለቀቁ ዘንዶዎች ኤቨርግሌድስ በሚባለው በዚሁ የፍሎሪዳ ረግረግ ያበጁትን ኑሮ ያየ ደግሞ ምስጋናውን ያበዛል። ዘንዶው ቀድሞ በሰፈረበት አካባቢ ራኩን የተባለው እንስሳ የመታየቱ ነገር ከ99 በመቶ በላይ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት መዝግቧል። በ2013 የተካሄደው የአደን ውድድር ከሺህ የሚበልጡ ሰዎችን አሰማርቶ የያዘው 68 ብቻ ነው፤ በ2023 የተያዘችው አንዷ ብቻዋን 5.8 ሜትር ትረዝም ነበር። ብርዱስ የት ሄደ? በጥር 2010 እዚያም መጥቶ የሬዲዮ መከታተያ ከተገጠመላቸው 10 ዘንዶዎች ዘጠኙን ገድሏል። ከዚያ ብርድ የተረፉትን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ግን ብርድ ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የዘር ለውጥ ምልክት እንዳገኙ በ2018 ገለጹ። ካርታውን በተመለከተ ዘንዶውም የራሱ አስተያየት ያለው ይመስላል።

የፍሎሪዳ መንግሥት የሰለቹትን እንስሳ ያለ ቅጣት የሚያስረክቡበት መንገድ ማዘጋጀቱን ባለ ዘንዶው ያውቃል። ነገር ግን ወረፋ አለ፣ ቅጽ አለ፣ «ለምን ገዛኸው?» የሚል ዐይን አለ። ረግረጉ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ስለዚህ ሲመሽ ከጎዳናው ዳር ይቆማል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ዳሽቦርዱን ያያል። የውጭው ሙቀት 27 ዲግሪ ነው፤ ያቺው ሌሊት እየተነሣ ሲጠብቃት የኖረው ቁጥር። ረክቶ ይወርድና ከኋላ ያለውን የጆንያ አፍ ይፈታል።