ይድረስ ለክቡር ዩዝዲኤንኤስ (በሰርቨር መግቢያ ላይ UseDNS ለሚባሉት ቅንብር)፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ መጓተት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። መብራት አለ፣ ዋይፋይም አለ (ሁለቱ የተገናኙበትን ቀን ማባከን ኃጢአት ነው)። ሥራው ግን ያለው ከተማ መሀል፣ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ በሚያስገባው በኤስኤስኤች (SSH) ልገባ ኤንተር እጫናለሁ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን። አቦል ቡና ይደርሳል፣ ፓስወርድ የሚጠይቀኝ ግን የለም።

በእኛ ሠፈር ለዘገየ ነገር ሁሉ ተጠያቂው ኔትወርክ ነው። እርስዎም ይህን ስለሚያውቁ ከጀርባው ተሸሽገው ኖሩ። ግን እኮ ፒንግ ሳደርግ (ሰርቨሩን «አለህ?» ስለው) መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ አንዴ ከገባሁ በኋላም የምጽፈው ሁሉ ሳይንተፋተፍ ይሄዳል። በር ላይ ብቻ የሚጓተት ኔትወርክ የት አገር ነው ያለው?

ሥራዎን እናውቃለን። ሰው ሊገባ ሲመጣ አይፒ አድራሻውን ይዘው ወደ ዲኤንኤስ (ስምን ከቁጥር ወደሚያገናኘው ማውጫ) ይሮጡና «የዚህ ቁጥር ባለቤት ስሙ ማነው?» ይላሉ። ስሙ ሲነገርዎ ደግሞ አያምኑም፣ ስሙ ተመልሶ ወደዚያው ቁጥር ይመራ እንደሆነ ዳግመኛ ይጠይቃሉ። የግቢያችን ዘበኛም በየቀኑ እያየኝ «ማን ጋ ነው?» ይለኛል። እሱ ግን ቢያንስ የሚጠይቀው እኔን ነው! እርስዎ የሚጠይቁት የሞተ ዲኤንኤስ ሰርቨር ነው። «አላውቀውም» ቢል እንኳ ወዲያው ባለፍን፤ የገደለን ዝምታው ነው። የዲኤንኤስ ሰርቨሮች የሚጻፉበት ፋይል፣ ሪዞልቭ ኮንፍ (resolv.conf)፣ ካልተነካ አንዱ ሰርቨር 5 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ያውም ሁለት ዙር። የተጻፉት ሰርቨሮች ሁለት ከሆኑና ሁለቱም ካልመለሱ 20 ሰከንድ ሄደች፣ ለአንድ ጥያቄ።

የሚገርመው ጡረታ ወጥተዋል። ኤስኤስኤችን የሚሠሩት የኦፕንኤስኤስኤች ሰዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ቅጂ 6.8 ላይ ከመነሻው «ኖ» አድርገውዎታል። ያረጀ ሰርቨር ላይ፣ ወይም አንዱ «የስ» ብሎ ጽፎ በረሳው ፋይል ውስጥ ግን ወንበርዎን አለቀቁም። (ወንበር ሲለቀቅ ድሮስ መቼ አየን?)

ሁሉንም ጥፋት በእርስዎ ላይ አልጭንም። ኤስኤስኤች ላይ -vvv (እያንዳንዱን እርምጃ የሚያሳየውን) ጨምሮ መግባት ነው፣ የቆመበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጂኤስኤስኤፒአይ (GSSAPI፣ ያለ ፓስወርድ በትኬት የሚያስገባው መንገድ) ላይ ከቆመ ያ ዘመድዎ ነው፤ ትኬት ሰጪው ከርበሮስ በሌለበት ቢሮ የከርበሮስ ትኬት ይፈልጋል። እሱንም ላፕቶፔ ላይ «ኖ» ብዬዋለሁ። ፓስወርዱ ካለፈ በኋላ ከዘገየ ግን ሁለታችሁም የላችሁበትም፤ ያኔ የሚጠረጠሩት የገቢን ማንነት የሚያጣራው ፓም (PAM)፣ የገቡትን የሚመዘግበው ሲስተምዲ ሎጊንዲ፣ ወይም ኡቡንቱ ላይ ያንን ረጅም የእንኳን ደህና መጡ መልእክት የሚያዘጋጁት ስክሪፕቶች ናቸው።

ስለዚህ በሰርቨሩ የኤስኤስኤች ቅንብር ፋይል፣ በኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ (sshd_config)፣ ላይ «ዩዝዲኤንኤስ ኖ» ተብሎ ተጽፏል። ፋይሉ በ sshd -t ተፈትሿል፣ የተከፈተው መስኮት ሳይዘጋ ሰርቪሱ ሪስታርት ተደርጓል፣ በሌላ መስኮትም ተገብቷል፣ ወዲያው! የተፈቀዱ ቁልፎች በሚጻፉበት ፋይል፣ ኦቶራይዝድ ኪስ (authorized_keys)፣ ውስጥ «ፍሮም» (ከየት ይገባ) ብሎ በሆስት ስም የጻፈ ካለ በአይፒ ይቀይረው፣ ያለ እርስዎ ስም የሚያጣራለት የለም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጂኤስኤስኤፒአይ (ለማስጠንቀቂያ)
ለሞተው ዲኤንኤስ ሰርቨር (መልስ አንጠብቅም)