ሽምግልና አይማሩትም ያለው ማነው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ጠበቃ የተናገሩትን ሰምቼ ደሜ ፈላ። አንዲት ተወያይ የሕግ ትምህርት ቤቶች የባልና ሚስት ክርክርን የማስማማት ሥራ ራሱን የቻለ ኮርስ አድርገው ያስተምሩ የሚል ሐሳብ አቀረበች። እሳቸው አላስጨረሷትም። ሽምግልና ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፣ ክፍል ገብተው የሚማሩት ነገር አይደለም፣ አባቶቻችን ሳይማሩ ስንቱን ትዳር አቁመዋል አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

አባቶቻችን አልተማሩም ያለው ማነው? በሰማንያ ሲጋቡ በሁለቱም ወገን ነገር አባት ይቆም ነበር። ማን ምን ይዞ እንደመጣ፣ በሬው የማን እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። ጎጆው ሲናጋ የሚጠራውም እሱ ነው። ደግሞ አንድ ሰው ድንገት ተነሥቶ ሽማግሌ አይባልም። ዓመታት ዳር ቁጭ ብሎ ነገር ሲበለት ይሰማል፣ ታላላቆቹ ባልን እንዴት እንደሚያበርዱ፣ ሚስትን እንዴት እንደሚያናግሩ ያያል። ቃሉ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት የሚባለው ምንድነው? ጠበቃው ያሞገሷቸው ሽማግሌዎች ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የእነሱን ስም ጠርቶ ያለማወቅን መከላከል እነሱኑ መስደብ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ፍቺ ተጠይቆ ችሎቱ ሽማግሌ ምረጡ ሲል ማን ይመጣል? የሱ ሚዜ፣ የሷ አጎት፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ ከተገኙ የንስሐ አባት። ክፉዎች አይደሉም። ግን የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ ስንት እንደቀረው አያውቁም። የቤተሰብ ሕጉን ገልጠው አያውቁም። ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶላቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥፋተኛው ማነው ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ለመከላከል ይዘጋጃሉ። እሷ የሦስት ዓመት በደል ትቆጥራለች፣ እሱ የአራት ዓመት ይመልሳል። ሲመሽ ሁሉም ደክሞት ይበተናል። ይህን ሥራ የተማረ ሰው በዚያ በኩል አይገባም። ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ማነው ብሎ ይጀምራል። ሁለቱም የሚመልሱት፣ ሁለቱንም አንድ ጎን የሚያስቀምጥ ጥያቄ እሱ ነው።

ጠበቃው ሕጉን አያውቁም ብዬ አላስብም። ስለዚህ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ያኔ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጉዳይ ይጎተታል፣ ሽማግሌው ወደ ዘመዱ ያደላል፣ ሴቲቱ ደጅ ስትጠና ትኖራለች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ሰዎች ታግለው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲወጣ ያ ሥልጣን ተነሣ። አንቀጽ 117 ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው ይላል። በ2013 የወጣው የግልግል ዳኝነት አዋጅም ፍቺን በግልግል፣ ማለትም ባለጉዳዮቹ ራሳቸው በመረጡት ዳኛ፣ ከማይታዩ ጉዳዮች ውስጥ አስገብቶታል። ለሽማግሌ የቀረለት በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 ያለው ነው፤ ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፣ ውጤቱን ለችሎቱ ያሳውቃል። ችሎቱ እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ካልሆነ ፍቺው ይወሰናል። ሕጉ ከሽማግሌው የወሰደው የመፍረድ ሥልጣኑን ነው። የተወለት ሥራ ደግሞ የበለጠ ጥበብ የሚጠይቀው ነው፤ ፈርዶ መገላገል የለማ!

ያለ ትምህርት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ የስምምነት ወረቀት በእጄ ገብቶ አንብቤዋለሁ። ከደብተር የተቀደደ፣ ግማሽ ገጽ ያልሞላ፣ ከታች የሦስት ሽማግሌዎችና የባልና ሚስቱ ፊርማ ያለበት። ቁም ነገሩ ይኸው ነው፦ አባት ለልጆቹ እንደ አቅሙ ይረዳል፣ ሲፈልግ መጥቶ ይጠይቃቸዋል፣ ቤቱ በስሙ ስለሆነ የሱ ነው፣ ለሚስት መቋቋሚያ ይሰጣታል።

እንደ አቅሙ! ይህን ይዛ አፈጻጸም ችሎት የምትሄድ እናት ምን አስፈጽሙልኝ ትበል? ስንት ብር? በወር ስንተኛው ቀን? በየትኛው የባንክ ሒሳብ? የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር ማን ይሸፍናል? ልጁ ቢታመምስ? አባት በመጀመሪያው ወር ይሰጣል፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ ከዚያ አቅሜ ይኼው ነው ይላል። ውሉን አላፈረሰም እኮ። የተስማማው እንደ አቅሙ ነው። እሷ እንደገና የቀለብ ክስ ልትከፍት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ትዳሩ ባይቆምም በሰላም ለያየናቸው ብለው ቤታቸው ገብተዋል። ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም። ውል ማለት ነገ ሲጣሉ የሚነበብ ወረቀት መሆኑን ያስተማረው ሰው አልነበረም።

ሲፈልግ ይጠይቃቸዋል የሚለውም እንዲሁ። ማለት እሑድ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው በር በር የሚያዩ ልጆች ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። በዚያ ወረቀት ላይ ግን ቀን ያለው ነገር የተጻፈበት ቀን ብቻ ነው።

ወደ ቤቱ እንምጣ። በስሙ ስለሆነ የሱ ነው ያለው ሕግ የቱ ነው? የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 የሚለው ተቃራኒውን ነው። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል እሱ ያስረዳ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች በቅን ልቦና ተቀምጠው ሕግ የሰጣትን ግማሽ ቤት ነጠቋት፤ እሷም አከበረቻቸውና ፈረመች። ዱባይና ጂዳ ሰው ቤት ሠርተው በላኩት ብር ቤት ተሠርቶ፣ ካርታው በባል ስም ወጥቶ፣ ሲመለሱ በስሙ ነው የተባሉ ሴቶች ስንት ናቸው? የሽማግሌ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህችን አንዲት አንቀጽ እንኳ ካላወቀ፣ ቅንነቱ ለእሷ ምን ይፈይዳል?

ዳኛው ያርመዋል የሚል ይኖራል። በስምምነት ለሚፈጸም ፍቺ አንቀጽ 80 ዳኛው ስምምነቱን እንዲመረምር፣ የልጆችን ወይም የአንደኛውን ወገን ጥቅም ካልጠበቀ እንዲያስተካክል ያዛል። እሰየው። ግን ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሁለቱም ተስማምተናል ብለው ቆመዋል። ከጠረጴዛው ላይ የተቆለለ ፋይል ይጠብቀዋል። ያልተጻፈውን በምን ይወቀው?

ከሁሉ የሚከፋውን ደግሞ ጠበቃው አላነሡትም። ድብደባ ያለበት ቤት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ነው። የተደበደበች ሴት ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ የሚባለው ግን ይታወቃል። ለልጆችሽ ብለሽ ቻዪው። ገመናሽን አታውጪ። ይቅር በይው፣ አንተም ሁለተኛ አይልመድህ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ታክሲ ይዘው ወደ አንድ ቤት ይመለሳሉ። የሠለጠነ አስማሚ መጀመሪያ ለየብቻ ያነጋግራቸዋል። ፈርታ እንደሆነ ይጠይቃል። ፍርሃት ካለ ያቆማል። ይህ ጉዳይ የእኔ አይደለም ብሎ መነሣት ራሱ የሚማሩት ነገር ነው፣ ምናልባትም ዋነኛው።

ሽማግሌ ይቅር አላልኩም። ችሎት የማይሰማውን ባል እሺ የሚያሰኝ አባት አለ፤ ይህን አልክድም። ግን መከበር እውቀትን አይተካም።

የሕግ ተማሪ የጋብቻን ሁኔታዎች፣ የጋራና የግል ሀብትን፣ የፍቺን ሥርዓት ያጠናል። ጥሩ። ጠበቃ ወይም ዳኛ ሲሆን ግን ፊቱ የሚቀመጡት የሚያለቅስ ሰውና የሚያፈጥ ሰው ናቸው። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን፣ ማለትም ችሎቱ ራሱ ባለጉዳዮችን ወደ አስማሚ የሚመራበትን አሠራር፣ በሕግ ደንግጓል። አስማሚዎቹ ከየት ሊመጡ ነው? የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ቀለብ ልትጠይቅ የመጣችን እናት ተማሪው ክስ ብቻ ጽፎ ከሚሸኛት፣ አባትየውንም ጠርቶ በመምህሩ ፊት ያስማማ። የጻፈውን ስምምነት የአፈጻጸም ዳኛ ያንብብለት። ይህ ይፈጸማል፣ ይህ አይፈጸምም ይበለው። አንድ ሴሚስተር እንዲህ ቢያልፍ እንደ አቅሙ የሚል ቃል ዳግም አይጽፍም።

ኮርሱ እስኪመጣም ችሎቶች መጠበቅ የለባቸውም። ሽማግሌ ምረጡ ሲሉ አንድ ገጽ ጽሑፍ አብረው ይስጡ። በስም የተመዘገበ ሁሉ የግል እንዳልሆነ ይጻፍበት። የቀለብ መጠንና ቀን፣ ልጆች የሚጠየቁበት ቀንና ሰዓት ክፍት ቦታ ይተውለት። ከላይ ደግሞ በደማቁ፦ ድብደባ ካለ ሽምግልናውን አቁማችሁ ለችሎቱ አሳውቁ።