ለክቡራን ላልተከፈቱ ጌሞቼ፣ ባሉበት

ቀን፦ እሁድ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ
ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተመለከተው፣ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያችኋለሁ። 412 ናችሁ። ደጃችሁን የረገጥኩት የ37ታችሁን ብቻ ነው። የቀራችሁት 375 «የተጫወቱበት ጊዜ» በሚለው ረድፍ ባዶ ይዛችሁ፣ ፔሮል ላይ ስሙ እንጂ ወንበሩ ላይ አካሉ እንደማይገኝ ሠራተኛ ዓመት ከዓመት ትሸጋገራላችሁ። እንደ አለቃ ልቆጣችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ከሥራ የቀረሁት እኔው ነኝ።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሁለት ሥራና ሁለት ልጅ ላለው ሰው በሳምንት ለጨዋታ የምትተርፈው እሁድ ማታ የሁለት ሰዓት ጊዜ ናት፤ እሷም ልጆቹ ቶሎ ከተኙ። ለያንዳንዳችሁ 20 ሰዓት ብመድብ 7,500 ሰዓት ትፈልጋላችሁ፤ ወደ 72 ዓመት ማለት ነው። አሁን 38 ዓመቴ ነው። ሌላ ጌም ሳልገዛ፣ ሳልታመም፣ እንግዳ ሳይመጣብኝ ከቆየሁ በ110 ዓመቴ እጨርሳችኋለሁ። ያውም በመካከላችሁ እንደ ዊቸር 3 ያለ አለ፤ ዋናው ታሪኩ ብቻ 50 ሰዓት ገደማ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፣ በ2017 ገዛሁት፣ ሰውዬው ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ ይጠብቀኛል። እኔ የማዝነው ለፈረሱ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ሰፈራችን ጌም ቤት አራት ፕሌይስቴሽን 2 ነበረ፤ ጌሙ ግን አንድ፣ ፔስ የሚባለው የእግር ኳስ ጌም። ጨዋታው በአንድ ብር፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ስንት ቀን የታክሲዬን አስበልቼ በእግሬ ገብቻለሁ። የጆይስቲኩ መምቻ ላይ ያለችው ካሬ በአውራ ጣት ብዛት ተፍቃ ጠፍታ ነበር። ኢንተር ሚላንን የያዘ ልጅ አድሪያኖ እግር ላይ ኳስ ካደረሰ አለቀ፤ ከየትም በግራው ይለቃታል፣ በረኛው ከመረቡ ሲያወጣት ነው የሚያያት። በኋላ ባለቤቱ «ኢንተር መያዝ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መብራት የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ 2 ለ 0 ስመራ ነበር።

እናንተ ግን የመጣችሁት በቅናሽ ነው። አንዴ በክረምት፣ አንዴ በፈረንጅ ገና ሰሞን፣ 60 ዶላሩ 15 ተብሎ ይለጠፋል፤ እጄ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ያያል። አንድ ቀን ለባለቤቴ «45 ዶላር አተረፍኩ!» ብዬ አበሰርኳት። ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና ሳትል «ጎሽ» አለችኝ፣ «በል ያተረፍከውን ስጠኝ፣ አስቤዛ ልግዛበት።»

ሳልከፍል የገባችሁም አላችሁ። ኤፒክ የሚባለው የኢንተርኔት ጌም ሱቅ ሐሙስ ሐሙስ በነጻ የሚያድለውን እንደ ጠበል ጸዲቅ እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ። ጂቲኤ 5ን እ.ኤ.አ. በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3 ገዛሁት፣ በዓመቱ ለፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣ ደገምኩት፣ በ2020 በነጻ ሲታደል ሦስተኛውን ወሰድኩ። በሦስቱም መግቢያው ላይ ያለውን ዝርፊያ ዘርፌ ተኝቻለሁ።

ያለፈው እሁድ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቆርጬ ተነሣሁ። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ልጭን ስል 150 ጊጋባይት ቦታ ጠየቀኝ። የልጄን የክርስትና ቪዲዮ ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሬ ለቀቅሁለት፤ እንግዳ ነዋ። እሱ እስኪወርድ ብዬ ከመካከላችሁ አንዷን ትንሽዬ ከፈትኩ። ቋንቋ ምረጥ አለችኝ፤ አማርኛ እንደሌለ እያወቅኩ እስከ ታች ወርጄ ፈለግሁ። ውል አመጣች፤ ሳላነብ ተስማማሁ። ከዚያ ያ የብርሃን ጣጣ መጣ፦ «በስተግራ ያለው ምልክት በጭንቅ እስኪታይ ድረስ አስተካክል።» ዝቅ አደረግሁ፣ ጨለመብኝ። ከፍ አደረግሁ፣ በዛ። የሳሎኑን መብራት አጠፋሁ፣ መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። ሃያ ደቂቃ! «ለመራመድ ይህን ተጫን» ተባልኩ፤ ተራመድኩ። «ለማጎንበስ ይህን ተጫን» ተባልኩ፤ አጎነበስኩ። ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታ የሚሉኝን ማታ ደግሞ በገንዘቤ? ዘጋኋትና ኳሱን ከፈትኩ፤ ኢንተርን መረጥኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ በበሩ ብቅ ብላ «ይህን ሁሉ ገዝተህ ዞረህ ያንኑ ኳስ?» ብላ ተመለሰች።

እናቴ ቡፌ ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅ ቅብ የሆነ ስድስት ብርጭቆዎች ነበሯት። «ለእንግዳ ነው» ትላለች። ስንት እንግዳ መጥቶ በተራው ብርጭቆ ጠጥቶ ሄደ፤ እነሱ በየሳምንቱ ይወለወላሉ፣ ይመለሳሉ። እኔም «እማዬ፣ ንጉሥ ነው እንዴ የምትጠብቂው?» እያልኩ አበግናት ነበር።

ላባርራችሁም አልችልም። ለካ የኔም አይደላችሁ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ «ግዛ» የሚል ቁልፍ የሚያቆም የዲጂታል ሱቅ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲነግር ያስገድዳል። የምገዛበት ሱቅ ውል ደግሞ አካውንት ለሌላ ሰው አይተላለፍም ይላል። አያቴ አንድ ጥማድ መሬት ለዘጠኝ ልጅ አከፋፍለው ነው ያረፉት፤ እኔ 412 ጌም ይዤ ለሁለት ልጅ አንዲት አላወርስም።

ስለሆነም በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ከመካከላችሁ አንድ ተወካይ መርጣችሁ፣ ብርሃን አስተካክል የማይል፣ መራመድ የማያስተምረኝ፣ በሁለት ሰዓት የሚያልቅ፣ እሁድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንድታቀርቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ገዢያችሁ (በሕግ አነጋገር ተከራያችሁ)

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፤ የ45 ዶላሩ ጉዳይ ገና በመጣራት ላይ መሆኑን ለማሳወቅ።
ለእናቴ፣ አዲስ አበባ፤ ስለ ብርጭቆዎቹ የተናገርኩት በሙሉ የተሻረ መሆኑ እንዲታወቅልኝ።